ጉድጓዱን አታርቀው

«ለሰው ብለህ ጉድጓድ ስትምስ አታርቀው፤ ማን እንደሚገባበት አይታወቅምና» ይላሉ አበው። ተረቱ የተተረተው ለተንኮለኛ እንደሆነ አላጣሁትም። እኔ ግን ዛሬ ቃል በቃል ልወስደው ነው። የማወራው በዶዘር ስለሚቆፈር፣ ጠጠርና ገረጋንቲ ስለሚወጣበት እውነተኛ ጉድጓድ ነውና።

ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር የሚጓዝ ሰው አዘዞ ከመድረሱ በፊት ፀዳን ያገኛል። በዙሪያዋ ያለው ሜዳ ጥቁር መረሬ ነው፤ በክረምት ይነፋል፣ በበጋ ይሰነጣጠቃል። እንዲህ ባለ አፈር ላይ መንገድ ሊሠራ ወይም ቤት ሊቆም ሲታሰብ አስቀድሞ የሚፈለገው ከጉብታ የሚቆረጥ ገረጋንቲ ነው። ድንጋይ እንደሆነ በጎንደር ብርቅ አይደለም፤ አገሩ ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት የፈሰሰ እሳተ ገሞራ የረጋበት ነው። አፄ ፋሲል በ17ኛው መቶ ዓመት ግንባቸውን ያሠሩት በዚሁ ጥቁር ድንጋይ ነው። ስለዚህ መቆፈሩን አልነቅፍም። ምድር ሳይቆፈር የቆመ ከተማ የለም።

እዚያው አካባቢ የሚኖሩ አንድ አጎት አሉኝ። ከማሳቸው ላይ ለመንገድ ሥራ የተወሰደው ጉብታ ተቆርጦ እስኪያልቅ ሁለት በጋ ፈጀ። ከዚያ መኪኖቹ ወጡ፣ ሰዎቹ ሄዱ፣ ጉድጓዱ ቀረ። ዙሪያው ቀጥ ያለ ገደል ነው፤ ክረምት ሲገባ ውሃ ያቁራል። በመጀመሪያው ክረምት የአጎቴ ጥጃ ገብታ ሞተች። በሁለተኛው አንድ እረኛ ልጅ ገብቶ፣ ጎረቤት ደርሶ በገመድ ጎትቶ አወጣው። አጎቴ ያን ሰሞን እንዲህ አሉኝ፤ «ልጄ፣ ካሣውንስ ከፍለውኛል። እኛ በሬ ስናርድ እንኳ ቆዳውን ለይተን እናስቀምጣለን። እነዚህ ግን ቆዳውን ከፈርሱ ደባልቀው ጣሉት።» ቆዳ ያሉት የላይኛውን አፈር ነው።

የሙያው ሰዎችም ቢጠየቁ ከአጎቴ የተለየ ነገር አይናገሩም። የጠጠር ጉድጓድ መዝጊያው የሚታቀደው ከመክፈቻው በፊት ነው። ከየት ተጀምሮ የት ይቆማል? ውሃው በየት ይወጣል? ሥራው ሲያልቅ ቦታው ማሳ ይሁን፣ ግጦሽ ወይስ ደን? ይህ ከተወሰነ በኋላ የላይኛው አፈር ለብቻው ይገፈፋል፤ ገልባጭ መኪና በማይረግጠው ዳር ዝቅ ተደርጎ ይከመራል፤ ዝናብ እንዳያጥበው ሣር ይዘራበታል። ቁፋሮው በፈርጅ በፈርጁ ይሄዳል፤ ከሁለተኛው ፈርጅ የተገፈፈው አፈር ቁፋሮው ባለቀበት በመጀመሪያው ላይ ይለብሳል። ገደሉ ይሰበራል፤ አንድ ሜትር ወደ ታች ሲወርድ ሦስት ሜትር ወደ ጎን እንዲተኛ። ወለሉም ውሃ እንዳያቁር ተዳፋት ይሰጠዋል። የቆመ ውሃ የሚያሰጋው ለጥጃና ለእረኛ ብቻ አይደለም። ከ1950 እስከ 1951 ዓ.ም. የወባ ወረርሽኝ በአገራችን ደጋ ቀመስ ቦታዎች ጭምር 150 ሺህ ያህል ሰው እንደፈጀ አንርሳ።

«ወጪውስ?» የሚል አይጠፋም። ሎደሩ እዚያው ቆሞ ሳለ አፈር መመለስ የጥቂት ቀን ናፍጣ ነው። ሎደሩ ከሄደ በኋላ ግን ማሽን አስጭኖ ማምጣት ሌላ ዕዳ ነው። የባከነውን አፈር ደግሞ የሚሸጥ ገበያ የለም።

ሞምባሳ አጠገብ ባምቡሪ የሚባል የሲሚንቶ ፋብሪካ አለ። ድንጋይ ሲያወጣበት የኖረው ሥፍራ አፈር የሌለው ምድረ በዳ ሆኖ ነበር። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1971 ሬኔ ሃለር የተባሉ የግብርና ባለሙያ ዛፍ መትከል ጀመሩ። ከሞከሯቸው ብዙ ዓይነት ዛፎች የጸኑት ጥቂት ናቸው፤ ከሁሉ የበረታው እኛ ሸውሸዌ የምንለው ነው። የረገፈውን ቅጠል ፈጭተው አፈር እንዲያደርጉት ባለ ብዙ እግር ትሎች አምጥተው ለቀቁበት። በ1984 ቦታው ለሕዝብ መናፈሻ ሆኖ ተከፈተ። እሳቸው ከባዶ ድንጋይ ላይ አፈር ለመሥራት ዓመታት ደከሙ፤ እኛ የተሠራውን አፈር በአንድ ቀን እናባክናለን።

ሕግ የለም እንዳንል አለ። የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ አዋጅ ቁጥር 299 የወጣው በ1995 ዓ.ም. ነው። የ2002ቱ የማዕድን አዋጅ ቁጥር 678 ደግሞ ባለፈቃዱ መሬቱ ለሚያገግምበት ገንዘብ እንዲመድብ አዟል፤ የግንባታ ማዕድናትን ፈቃድ የመስጠት ሥልጣንም ለክልሎች ሰጥቷል። የጎደለው ሥራው ሲያልቅ ጉድጓዱ ዳር ቆሞ «ይህስ?» የሚል ሰው ነው። በእኔ አስተያየት የመጨረሻው ክፍያ መለቀቅ ያለበት የተመለሰው መሬት አንድ ክረምት ካሳለፈ በኋላ ነው። ከመሐንዲሱ ፊርማ ጎን የባለ ማሳውም ፊርማ ይኑርበት።

ይህን የምታነቡት ምናልባት በኮንክሪት ቤት ውስጥ ተቀምጣችሁ ይሆናል። ከእግራችሁ ሥር ያለው ጠጠር ከአንድ ሰው ጉብታ ላይ የተቆረጠ ነው። ጉብታው የነበረበት ቦታ ዛሬ ምን ይመስል ይሆን?