ስለ ስቴልቪዮ ተራራ መንገድና ስለ በራሪው የፎቶግራፍ መሣሪያ

በሞተር ቢስክሌት አገር ማየትን የሚወድ ሰው አንድ ቅሬታ አለበት፤ ይኸውም የሚሄድበትን መንገድ መልክ ራሱ ሊያየው አለመቻሉ ነው። ዓይኑን ከጥምዙ ላይ ቢያነሣ ገደል ይጠብቀዋልና። ስለዚህ ድሮን የተባለው በራሪ የፎቶግራፍ መሣሪያ ለመንገደኛ ደኅና ረዳት ሆኖለታል። ከታናናሾቹ ዓይነቶች አንዱ ክብደቱ 249 ግራም ብቻ ስለ ሆነ፥ ክንፎቹ ታጥፈው በካፖርት ኪስ ይገባል።

እኛም ይህንኑ ይዘን በሰኔ ወር በሰሜን ኢጣልያ ወዳለው ወደ ስቴልቪዮ መተላለፊያ ሄድን። መንገዱን ካርሎ ዶኔጋኒ የተባለ መሐንዲስ ለኦስትሪያ መንግሥት እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ከ1820 እስከ 1825 ሠራው። ከፕራቶ መንደር በኩል ለሚወጣ ሰው 48 ጥምዞች ይቈጠሩለታል፤ ጫፉም 2757 ሜትር ከፍታ አለው።

የሞተሩ ንዝረት መነጽሩን የሚይዘውን ስስ ክፍል እንዳይጎዳው፥ መሣሪያውን በልብስ ጠቅልለን በጀርባችን ተሸከምነው። ሕጉንም አስቀድመን መርምረናል። የአውሮፓ ሕግ ባለ ካሜራ ድሮን የሚያበር ሰው እንዲመዘገብ፥ ከ120 ሜትር በላይ እንዳያወጣው፥ ከዓይኑም እንዳያርቀው ያዝዛል። የስቴልቪዮ መንገድ ግን በ1935 በተከለለ ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ ስለሚያልፍ፥ በዚያ ያለ ፈቃድ ማብረር ክልክል ነው።

ከባልንጀሮቻችን አንዱ «ለአምስት ደቂቃ ማን ያየናል?» አለ። ነገሩ ግን የመታየትና ያለመታየት አይደለም። በአገራችንም በስሜን ተራሮች የሚኖረው አጥንት ሰባሪው ጢማም አሞራ ከአልፕስ ተራሮች በአደን ጠፍቶ ነበር። በ1986 ጫጩቶቹን መልሶ መልቀቅ ተጀመረ፤ ዛሬም በዚሁ ፓርክ ገደሎች ጎጆውን ይሠራል። በዓመት የሚያሳድገው አንድ ጫጩት ብቻ ሲሆን፥ በጎጆው አጠገብ ሁከት ቢበዛበት ጥሎ እስከ መሸሽ ይደርሳል። ለእኛ የአምስት ደቂቃ ጨዋታ የሆነው ለእርሱ የዓመት ድካም ነው። ባልንጀራችንም ይህን ሰምቶ መሣሪያውን መልሶ አጠፈው።

ከጫፉ ላይ ሞተራችንን አቁመን፥ የወጣንበትን መንገድ በድንጋዩ ግንብ ተደግፈን በገዛ ዓይናችን ቍልቍል አየነው። በማግሥቱም ከፓርኩ ወሰን ውጭ ወደ ሸለቆው ወርደን፥ ባለ ርስቱን አስፈቅደን የፖም አትክልቱን ከሰማይ በኩል አነሣን።

እንግዲህ ክቡራን አንባቢዎቻችን ይህን መሣሪያ ለልጆቻቸው ሲገዙ፥ አበራረሩን ከማስተማራቸው በፊት የማይበርበትን ስፍራ ያስተምሯቸው ዘንድ እንመክራለን።