ከደብረ ማርቆስ እስከ ጮቄ

«ጎጃምን አየሁ» የሚል መንገደኛ ብዙ ነው፤ ነገር ግን አብዛኛው ያየው በመኪና መስኮት ነው። ከአዲስ አበባ ተነሥቶ የዓባይን በረሃ ይወርዳል፤ ድልድዩን ተሻግሮ ደጀን ላይ ይወጣል፤ 300 ኪሎ ሜትር ያህል ሲጓዝ ደብረ ማርቆስ ይደርስና ምሳውን በልቶ ወደ ባሕር ዳር ያልፋል። እኔም ብዙ ጊዜ እንዲሁ አልፌአለሁ። በጥር ወር 2011 ዓ.ም. ግን የጥቂት ቀን ዕረፍት ስላገኘሁ፥ ከከተማዪቱ በስተ ሰሜን ያለውን የጮቄን ተራራ ወጥቼ ለማየት ቆረጥሁ።

አስቀድሜ ከተማዪቱን ዞርሁ። የደብረ ማርቆስ የቀድሞ ስሟ መንቆረር ነው። ራስ አዳል ተሰማ በጥር ወር 1873 ዓ.ም. በዐፄ ዮሐንስ 4ኛ ፈቃድ ዘውድ ጭነው ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ሲባሉ መናገሻቸው ይህችው ነበረች፤ የአሁኑን ስሟንም ያገኘችው ከቅዱስ ማርቆስ ቤተ ክርስቲያን ነው። ዐፄ ኃይለ ሥላሴም ከስደት ሲመለሱ መጋቢት 28 ቀን 1933 ዓ.ም. እዚህ ገብተዋል። በንጉሡ ቤተ መንግሥት አጠገብ ቆሜ ወደ ተራራው ስመለከት አንድ አሳብ መጣብኝ፤ የነገሥታቱን ስም በትምህርት ቤት በቃላችን አጥንተናል፤ ግብሩን ያወጣውን የደጋ ገበሬ ኑሮ ግን ስንቶቻችን እናውቃለን?

በማግሥቱ በማለዳ ወደ ሮብ ገበያ በሚሄድ መኪና ተሳፈርሁ። ከዚያ በላይ የተጓዝሁት በእግሬ ነው። ከፍ ባልሁ ቍጥር ጤፉ ቀረ፤ ገብስ፥ ድንችና እንግዶ ተተኩ። ከእርሻው በላይ ደግሞ የጓሳ ሣርና ከሰው ቁመት የሚበልጥ ጅብራ ይታያል። ጮቄ ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍታ አለው። ጨሞጋ፥ ሙጋና ሱሃ ከዚሁ ተነሥተው ወደ ዓባይ ይወርዳሉ፤ ስለዚህ ለሱዳንና ለግብፅ ከሚደርሰው ውሃ ከፊሉ መነሻው ይህ ብርዳም ተራራ ነው።

ከጥቂት ጎጆዎች መንደር ስደርስ አንድ ሽማግሌ «ቤት ለእንግዳ!» ብለው አስገቡኝ። እሳት ዳር ተቀምጠን ትኩስ ድንችና የእንግዶ እንጀራ በላን።

«አባቴ፥ ይህን ያህል ቁልቁለት ስለ ምን ያርሳሉ?» ብዬ ጠየቅኋቸው።

«ወድጄ መሰለህ ልጄ?» አሉኝ። «የአባቴ እርሻ ከታች ነበረ። ለወንድማማች ሲከፈል ጠበበ፤ እኔም ወደ ላይ ወጣሁ። ክረምት ሲመጣ ግን ውሃው ብቻውን አይወርድም፤ አፈሬንም ይዞት ይሄዳል።»

ከምሳ በኋላ እርከናቸውን አሳዩኝ። ድንጋዩን አንድ በአንድ የካቡት ከልጃቸው ጋር ነው። ከእርከኑ በላይ ያለው አፈር ጥቁርና ወፍራም ነው፤ እርከን ባልተሠራበት በኩል ግን ድንጋዩ አግጥጦ ይታያል። ልጁ አሥረኛ ክፍል ጨርሶ ከተማ ለመውረድ አስቧል። ሽማግሌው ይህን ሲነግሩኝ አልተቈጡም፤ «መማሩስ ደግ ነው፤ ግን የፈረሰውን ካብ ማን ይመልሰዋል?» ብለው ዝም አሉ። ልጁም አንገቱን ደፋ። እኔም ከተማ ወርጄ የቀረሁ የገበሬ ልጅ ነኝና መልስ አጣሁ።

ማታ ደብረ ማርቆስ ስመለስ የሽማግሌው ጥያቄ አብሮኝ ወረደ። አንባቢዬ ሆይ፥ በቢሮ ተቀምጠን ስለ አፈርና ስለ ውሃ ብዙ ወረቀት የምንጽፍ ሰዎች ነን፤ በትምህርት ቤትም «ዓባይ አፈራችንን ወሰደው» እያልን እንተክዛለን። አፈሩ ግን የሚነሣው ከእኒህ ሽማግሌ ማሳ ነው፤ የሚያስቀረውም ካብ የሚክብ እጅ ነው። እንግዲህ ወደ ጎጃም የሚያልፍ ሁሉ አንድ ቀን መኪናውን ያቁም፤ ቤተ መንግሥቱንም ይይ፤ ከዚያ ግን ወደ ላይ ይውጣ። የተማረ ሰው ለዚያ ሽማግሌ የሚመልሰው መልስ ሊኖረው ይገባል።