ማኮንዶ የሄድኩት ለመጥፋት ነበር

እውነቱን ልንገራችሁ፤ በጋዜጠኝነት ተመርቄም ዜና መስማት የሚያስጠላኝ ጊዜ አለ። እንደዚያ ሲሆን ስልኬን አጠፋና ማኮንዶ እሄዳለሁ። የት ነው እንዳትሉኝ! ኮሎምቢያዊው ጋብሬል ጋርሲያ ማርኬዝ እ.ኤ.አ. በ1967 ባሳተመው «ዋን ሀንድረድ ይርስ ኦፍ ሶሊቲዩድ» ልብ ወለድ ውስጥ ያለች ትንሽ ከተማ ናት።

እዚያ አንዲት ቆንጆ ልጅ አንሶላ ስታጥፍ ነፋስ ብድግ አድርጎ ወደ ሰማይ ይዟት ይሄዳል። የወንድሟን ሚስት የሚያናድዳት አንሶላው አብሮ መሄዱ ነው። ዝናብ ከጀመረ 4 ዓመት ከ11 ወር ከ2 ቀን ይዘንባል። «እንዴት ሆኖ?» ብሎ የሚጠይቅ የለም። የሚማርከኝም ይኼው ነው። አያቴ ጎረቤታችን ወንዝ ዳር ስላገኘችው ጋኔን የምታወራኝ ቡና እየቆላች፣ የስኳር ዋጋ በምትነግረኝ ድምፅ ነበር። ማርኬዝም አተራረኬን የተማርኩት ከአያቴ ነው ይል ነበር።

ባለፈው ክረምት ግን ማኮንዶ ጉድ ሠራችኝ። በተወለድኩባት ከተማ የድሮው ገበያ ሲፈርስ ቦታው ላይ ነበርኩ። የጉልት ሴቶች ሽንኩርታቸውን ከጭቃው ሲለቅሙ አየሁ፤ አናግሬያቸው ጻፍኩ። አለቃዬ ሴቶቹን አውጥቶ «ቦታው ለልማት ዝግጁ ሆነ» የምትል አጭር ዜና አደረጋት። አልተከራከርኩም። ቤቴ ገብቼ መጽሐፌን ገለጥኩ።

የደረስኩት የሙዝ እርሻ ሠራተኞች የሚረሸኑበት ቦታ ላይ ነበር። ከ3000 በላይ ሬሳ በባቡር ተጭኖ ወደ ባሕር ይወሰዳል። ከሬሳው መሀል የተረፈው ሰው ተመልሶ ቢናገር የሚያምነው ያጣል።

ይኼንንም እንደ አንሶላዋ ልጅ በተረት ላልፈው ነበር። ግን ሆኗል። በዲሴምበር 1928 እ.ኤ.አ. በኮሎምቢያዋ ሲዬናጋ ከተማ፣ የዩናይትድ ፍሩት ኩባንያ የሙዝ ሠራተኞች አድማ ላይ ሳሉ ወታደሮች ተኩሰውባቸዋል። የሟቾቹ ቁጥር እስከ ዛሬ ያከራክራል። ያኔ ማርኬዝ ሁለት ዓመት ያልሞላው ሕፃን ነበር። አድጎ ጋዜጠኛ ሆነ፤ ልብ ወለድም ጻፈ።

ታዲያ ከዜና ሸሽቼ የገባሁባት ከተማ ዜናውን ይዛ ጠበቀችኝ። ሰው ወደ ሰማይ ሲወጣ ያልገረመው የማኮንዶ ሰው፣ ስለተገደሉት ሲነገረው አላምንም አለ። በንዴት ስፈርድባቸው የራሴ ማስታወሻ ደብተር ቦርሳዬ ውስጥ ተዘግቶ ተቀምጧል። የ11 ሴቶች ስም አለበት።

ቅዳሜ ልሄድ ነው። ማኮንዶ አይደለም፤ ገበያው የነበረበት ቦታ።