ከኋላ የቆመ ሰው

ሁለት የተከበሩ ሰዎች በአንድ ደጃፍ ላይ የተገናኙ እንደ ሆነ፣ በሩ ወለል ብሎ ተከፍቶ ሳለ ለጊዜው እንደ ተዘጋ ይቈጠራል። አንደኛው «እርስዎ ይቅደሙ» ይላል፤ ሁለተኛው «ኧረ በፍጹም! እርስዎ እያሉ?» ብሎ ወደ ኋላው ይሸሻል። አንዱ ክንድ ይዞ ሲገፋ፣ ሌላው መቃኑን ይዞ ሲግደረደር፣ አንዱ በማርያም ሲለምን፣ ሌላው በሚካኤል ሲመልስ፣ ከኋላቸው ያለው ሰው ቆሞ ይጠብቃል። እኔ በምሠራባት በዋጫ ሰማዩ ዝናብ የማይሰስት ስለ ሆነ፣ ባለፈው ክረምት በአንድ ለቅሶ ቤት ሁለት ሽማግሎች እንዲህ ሲከባበሩ፣ ከኋላቸው የነበርነው ዐሥር ያህል ሰዎች ልብሳችን ከገላችን እስኪጣበቅ ድረስ ርሰናል።

ይህን የምጽፈው በአባቶቻችን ትሕትና ለማላገጥ እንዳልሆነ አንባቢ ይረዳልኝ። እኔም በዚሁ ትሕትና ያደግሁ ነኝ። አባቴ ሽማግሌ በመንገድ ባገኘን ጊዜ ከመንገዱ ወርደን፣ በሣሩ ላይ ቆመን እንድናሳልፍ ያስተምረን ነበር፤ እስከ ዛሬም አልተውሁትም። ነገር ግን ትሕትና ማለት በፊት ለፊታችን ያለውን ሰው ማክበር ብቻ መስሎኝ፣ ከኋላ የቆመውን የሚመለከት ሌላ ትሕትና መኖሩን ሳላስብ ሠላሳ ዓመት አለፈኝ። ያሳሰበኝም መምህር ወይም መጽሐፍ ሳይሆን፣ ሳልፈልገው ያየሁት የጎልፍ ጨዋታ ነው።

በ2011 ዓ.ም. ካፋ ገና በደቡብ ክልል ሥር ሳለች፣ ስለ መዝገብ አያያዝ ሦስት ሳምንት እንድማር ወደ አዲስ አበባ ተላክሁ። ቦንጋ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት አብሮኝ የተማረ አንድ ወዳጄ በድሮው አውሮፕላን ማረፊያ ሰፈር ባለው የጎልፍ ሜዳ ሣር የሚንከባከብ ሠራተኛ ነበረና፣ በሚያዝያ ወር በአንድ እሑድ ጠዋት «የምሠራበትን ቦታ ላሳይህ» ብሎ ይዞኝ ሄደ።

በልጅነቴ የማውቀው የዱላና የኳስ ጨዋታ ገና ነው። በገና ጨዋታ ጫፉ በቈለመመ ዱላ ሩሯን ተሻምተን እንመታለን፤ የሜዳ ወሰን የለም፣ የተጫዋች ቁጥር የለም፤ ለዕለቱ ጌታና ሎሌ እኩል ነው። ማታ ቁርጭምጭሚቱ ያላበጠ ልጅ ቢኖር ሲጫወት አልዋለም ማለት ነው። ጎልፍ ግን ሌላ ነገር ሆኖ አገኘሁት። ክብደቷ ከ46 ግራም የማይበልጥ ትንሽ ነጭ ኳስ በመሬት ላይ ትቀመጣለች፤ ተጫዋቹ በዱላ ይመታትና፣ አንዳንድ ጊዜ ከሦስትና ከአራት መቶ ሜትር በላይ ርቆ ወዳለ፣ አፉ 10.8 ሳንቲ ሜትር ብቻ ወደ ሆነ ጉድጓድ እየተከተለ ይነዳታል። በጥቂት ምት ያገባ ያሸንፋል። ሙሉው ጨዋታ 18 ጉድጓድ ሲሆን፣ አራት ሰዎች አብረው ቢጫወቱ አራት ሰዓት ያህል ይፈጃል። የሚሮጥ የለም፤ የሚጮኽም የለም። ይመታሉ፣ ይራመዳሉ፣ ይቆማሉ፣ ሣሩን ይመለከታሉ፣ እንደ ገና ይመታሉ። እኔም ለወዳጄ «ይህስ የሥራ ፈቶች ጨዋታ ነው» አልሁት። እርሱም ስቆ «ዝም ብለህ ተመልከት» አለኝ።

ጥቂት ቆይቶ አራት ሽማግሎች ደረሱ። የአንደኛው ኳስ ከረጅም ሣር ውስጥ ገብታ ጠፍታ ኖሮ፣ አራቱም አጎንብሰው ይፈልጋሉ። ከኋላቸው ሁለት ወጣቶች መጥተው ራቅ ብለው ቆሙ። አልጮኹም፣ አላፏጩም፣ ሰዓታቸውን እንኳ አላዩም። ከሽማግሎቹ አንዱ ቀና ብለው ባዩአቸው ጊዜ እጃቸውን አንሥተው «እለፉ» የሚል ምልክት ሰጡና፣ አራቱም ወደ ሜዳው ዳር ወጥተው ቆሙ። ወጣቶቹ መቱ፤ ሲያልፉ ቆባቸውን ነካ አድርገው አመሰገኑና ሄዱ።

በውስጤ ተቈጣሁ። ሽበት ያላቸው ሰዎች ቆመው ጢማቸው ገና ያልጠነከረ ልጆች በፊታቸው ያልፋሉን? ወዳጄ ግን ነገሩን በትዕግሥት አስረዳኝ። በዚህ ሜዳ የሚታየው ዕድሜ ወይም ማዕርግ አይደለም፤ ማን ማንን እያስጠበቀ ነው የሚለው ነው። ከፊቱ ሜዳው ባዶ ሆኖ ከኋላው ሰው የቆመበት ተጫዋች፣ እርሱ መንገድ ዘግቷልና ማሳለፍ ይገባዋል። ማሳለፉም እንደ ክብሩ ይቈጠርለታል እንጂ እንደ ውርደት አይታይበትም። የጠፋች ኳስ የሚፈለግበት ጊዜ ከዚያ ቀደም አምስት ደቂቃ ነበር፤ በዚያው ዓመት፣ በአውሮፓ አቆጣጠር ከጥር 1 ቀን 2019 ጀምሮ፣ በስኮትላንድ በሴንት አንድሩስ ያለው የጨዋታው ሕግ አውጪ ማኅበርና የአሜሪካው ማኅበር ተስማምተው ወደ ሦስት ደቂቃ አወረዱት። ተራው ደርሶ ያለ ምንም እንቅፋት መምታት የሚችል ሰውም ከ40 ሴኮንድ በላይ እንዳይቆይ ያው ሕግ ይመክራል።

ይልቁንም ያስገረመኝ የመቅደም ነገር ነው። ከተገኙት የጎልፍ ሕጎች ሁሉ የቀደመው በ1744፣ ይኸውም በጎንደር ዳግማዊ ኢያሱ በነገሡበት ዘመን፣ በኤዲንብራ አጠገብ በሊዝ የተጻፈው ባለ 13 አንቀጽ ሕግ ነው። በዚያ ሕግ በ12ኛው አንቀጽ፣ ኳሱ ከጉድጓዱ ይበልጥ የራቀችበት ሰው ቀድሞ እንዲመታ ታዝዟል። አዲስ ጉድጓድ ሲጀመር ደግሞ ባለፈው ያሸነፈው መጀመሪያ የመምታት ክብር አለው። እንግዲህ እነርሱም እንደ እኛ «እርስዎ ይቅደሙ» ነበራቸው ማለት ነው። የ2019 ሕግ ግን፣ ሁለት ሰዎች ብቻ ፊት ለፊት ከሚፎካከሩበት ጨዋታ በቀር፣ ማንንም ለአደጋ ሳያጋልጥ የተዘጋጀ ሰው ይምታ ብሎ ያበረታታል። የሁለት መቶ ሰባ አምስት ዓመት መከባበር ከኋላ ለቆመው ሰው ሲባል ላላ።

ይህ ብቻ ቢሆን ኖሮ ጎልፍ የችኩሎች ሕግ ነው ባልሁ ነበር። ሆኖም ሌላ ወገን አለው። ከኋላ ያለው ሰው ከፊቱ ያሉት ከኳሱ መድረሻ ርቀው እስኪወጡ ድረስ መምታት አይገባውም፤ ያች ትንሽ ኳስ እንደ ድንጋይ የጠነከረች ስለ ሆነች ዓይን ታጠፋለች። ጓደኛው ሊመታ ሲሰናዳ አይናገርም፤ ጥላውን በፊቱ አይጥልም። በዱላው የተገነጠለውን ሣር ከነአፈሩ መልሶ ይረግጠዋል፤ አሸዋ ውስጥ ገብቶ የወጣም እንደ ሆነ ዱካውን አስተካክሎ ይሄዳል። ይህን ሁሉ የሚያደርገው ፊቱን አይቶት ለማያውቅ፣ ምናልባትም ወደ ፊት ለማያየው፣ ከኋላው ለሚመጣ ሰው ነው። (ቦርሳ ተሸክሞ ከኋላ ከኋላ ለሚከተለው ልጅ በሕጉ ውስጥ ምን ያህል ትሕትና እንደ ተረፈለት ግን እጠይቃለሁ። ሰፊ ሜዳና ብዙ ገንዘብ የሚፈልግ ጨዋታ መሆኑንም አልረሳሁትም፤ ለዋጫ ጎልፍ ይምጣላት አላልሁም።)

ወዳጄ ይህን ሲነግረኝ እኔ ሜዳውን ማየት ትቼ ሌላ ነገር አስብ ነበር።

በዚያው ዓመት በየካቲት ወር፣ በአንድ የገበያ ቀን፣ አንድ ሽማግሌ ገበሬ ከዋጫ የአራት ሰዓት የእግር መንገድ ከሚርቅ ቀበሌ መጥተው ነበር። በማግስቱ ጠዋት ቦንጋ ፍርድ ቤት የመሬት ክርክር ቀጠሮ ስላላቸው፣ የይዞታቸው መዝገብ ግልባጭ ከእኔ እጅ ይፈልጋሉ። ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ ደርሰው ከበሩ ውጭ ባለው አግዳሚ ወንበር ተቀመጡ። ልጠራቸው ስል አንድ የማከብረው ሰው መጣ፤ ጉዳይ እንኳ አልነበረውም፤ በመንገድ ሲያልፍ ሰላም ሊለኝ ነው። ያ ገበሬ ከወንበራቸው ተነሥተው «ይለፉ» ብለው አሳለፉት።

እኔም ብድግ ብዬ ተቀበልሁት። ስለ ልጆቹ፣ ስለ እናቱ፣ ስለ ንቦቹ፣ ስለ መንገዱ ብልሽት ጠየቅሁት፤ እርሱም የእኔን እንዲሁ ጠየቀኝ። ቡና አስመጣሁ። አንድ ስኒ ብቻ ማጠጣት ንፉግነት መሰለኝና ደገምሁለት። እንግዳዬን እስከ ደጅ ድረስ ሸኝቼ ስመለስ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ሆኗል። ከዚያ መዝገቡን መፈለግ ጀመርሁ፤ የማኅተሙ ቀለምም ደርቆ ኖሮ ሌላ እስኪመጣ ቆየን። ግልባጩ ተጽፎ ባለቀ ጊዜ የሚፈርመው ኃላፊ ወደ ስብሰባ ሄደዋል። «አባቴ፣ ነገ ጠዋት ይምጡ» አልኋቸው። ፊታቸው ጥቂት ጠቈረ፤ ነገር ግን «እሺ ልጄ፣ እግዜር ይስጥልኝ» ብለው ጃንጥላቸውን አንሥተው ወጡ።

ያን ቀን ማታ የተኛሁት እንግዳውን በደንብ ያስተናገደ ጨዋ ሰው እንደ ሆንሁ እያሰብሁ ነው። በጎልፉ ሜዳ ዳር ቆሜ ግን አንድ ነገር ታየኝ። በዚያ ሜዳ ጊዜ የሚያባክነው ከኋላው ያለውን ያሳልፋል፤ በእኔ በር ግን ጉዳይ የሌለው እንዲያልፍ ጉዳይ ያለበት ሰው ተነሣ። ትሑት እኔ አልነበርሁም፤ ትሕትናውን የከፈሉት እኒያ ገበሬ ናቸው። እኔ በሰው ገንዘብ ደግሼ ምስጋናውን ተቀበልሁ።

ወደ ዋጫ ከተመለስሁ በኋላ ከአንድ ጎረቤታቸው እንደ ሰማሁት፣ ማስረጃቸውን ሳይዙ በመቅረባቸው ቀጠሮው ለሦስት ወር ተላልፎ፣ በዚያ መካከል ተከራካሪያቸው በመሬቱ ላይ በቆሎ ዘርቶበታል።

ጠረጴዛዬ ከዚያ በፊት ጎኑን ለበሩ ሰጥቶ ነበር፤ ዞር አድርጌ አግዳሚው ወንበር ከነተቀማጮቹ እንዲታየኝ አደረግሁት። መዛግብቱን በቀበሌ በቀበሌ ለይቼ አሰናዳሁ፤ የማኅተሙን ቀለምም በየጠዋቱ አያለሁ። ወዳጄ እንደ ነገረኝ፣ በጎልፍ ሜዳ ጨዋታውን የሚያዘገየው ቀስ ብሎ የሚራመድ ሰው ሳይሆን፣ ተራው ከደረሰ በኋላ ዱላ መምረጥ የሚጀምረው ነው። እንዲህስ ከሆነ በጽሕፈት ቤት ውስጥ ከእኛ የበለጠ ጎልፈኛ የለም። ሰው ፊታችን ከቆመ በኋላ ነውና መነጽር የምንፈልገው።

ከሁሉ የከበደኝ ግን ሰላምታን ማሳጠር ነው። ይህን ጽሑፍ ከሚያነቡት መምህራንና የመንግሥት ሠራተኞች ብዙዎቹ «የአገራችን ሀብት እርሱ አይደለምን?» እንደሚሉኝ ዐውቃለሁ። ነው። የቡናን ነገር ለካፋ ሰው ማስተማር አያሻም፤ አቦል፣ ቶና፣ በረካ በየተራው ይጠጣ፤ በቡና ላይ የሚቸኩል ሰው እኔንም ያስቀይመኛል። ብቻ ቡናው በቤቴ ሲጠጣ ከኋላዬ ሰው አልቆመም። ያ የማከብረው ሰው ዳግመኛ የመጣ ዕለት ቆሜ ጨበጥሁትና «ማታ ቤት እንጠብቅሃለን፤ አሁን ሰዎች አሉብኝ» አልሁት። ማታ አልመጣም። በሳምንቱ ባለቤቴ ከገበያ ስትመለስ «ባልሽ አዲስ አበባ ደርሶ ቢመለስ ኮራ» ተብሎ እንደ ተነገራት ነገረችኝ። ያ ሰው ለሦስት ወር ያህል በመንገድ ሲያየኝ ፊቱን ያዞር ነበር። አልፈርድበትም፤ የሽማግሎቹን ማሳለፍ ባየሁ ጊዜ እኔስ ምን ብዬ ነበር?

በሰኔ መግቢያ እኒያ ገበሬ ሌላ ግልባጭ ፈልገው መጡ። በዝናብ መካከል ከሩቅ አየኋቸው። ከጠረጴዛዬ ሆኜ በካፊኖኖ ሰላምታ ሰጥቼ ይግቡ አልኋቸው፤ ስለ የካቲቱ ነገር ይቅርታ ለመጠየቅ ቃል እያዘጋጀሁ ነበር። እርሳቸው ግን ከመድረኩ ላይ ቆመው ውስጡን ግራና ቀኝ ተመለከቱና፣ ምንም የወቀሳ ድምፅ ሳይኖርበት «እንግዳ የለብዎትም ወይ? ካለብዎት ልቈይ» አሉኝ።

«የለም፣ አባቴ፤ ይግቡ» አልሁ፤ ያዘጋጀሁት ቃል ሁሉ ጠፋኝ።

እግራቸውን ሊያነሡ ሲሉ ከኋላቸው ሕፃን ያዘለች ሴት መቆሟን አዩ። ወዲያው ወደ ጎን ተጠግተው «ግቢ፣ ልጄ፤ ሕፃን ይዘሻል» አሏት። እርስዋም ደንግጣ «ኧረ በፍጹም፣ አባቴ! እርስዎ እያሉ?» ብላ ወደ ኋላ አፈገፈገች። እርሳቸው አሁንም እጃቸውን ዘረጉ፤ እርስዋም አንገቷን ደፋች። መዝገቡን ገልጬ፣ ብዕሬን ይዤ፣ ሁለቱንም እያየሁ ጠበቅሁ።