የባሕር ዘንግ በሪችፊልድ

ሪችፊልድ ከሚኒያፖሊስ በስተደቡብ ያለች ትንሽ ከተማ ናት። በምሥራቅ በኩል ከአውሮፕላን ማረፊያው ጋር ትጎራበታለች፤ በመካከሏ ደግሞ ሠርቲ ፋይቭ ደብልዩ የሚባለው ትልቅ አውራ ጎዳና ያልፋል። ቡና ስንጠጣ አውሮፕላን ዝቅ ብሎ ካለፈ ወሬያችንን እናቋርጣለን፤ ድምፁ ሲርቅ ካቆምንበት እንቀጥላለን። በአካባቢያችን ሐይቅና ኩሬ ሞልቷል። ባሕር ግን የለም። በጣም ቅርብ የሚባለው ባሕር እንኳ ከ1,000 ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃል።

ጋሼ ግን ባለፈው ሚያዝያ ከሳን ዲዬጎ ጠቅልለው ሲመጡ የባሕር ዓሣ ማጥመጃ ዘንጋቸውን ይዘው መጡ።

ጋሼ የእናቴ ወንድም ናቸው። ተወልደው ያደጉት ባሕር ዳር፣ ጣና አጠገብ ነው። ሳን ዲዬጎ ብዙ ዓመት ታክሲ ነድተዋል። በዕረፍት ቀናቸው ወደ ባሕሩ ከተዘረጋው የሕዝብ መድረክ ላይ ቆመው ዓሣ ያጠምዱ ነበር። በካሊፎርኒያ እንዲህ ካለው መድረክ ላይ ሆኖ ከባሕር ለሚያጠምድ ሰው ፈቃድ አያስፈልገውም፤ ስለዚህ ብዙ ስደተኛ እዚያ ይሰበሰባል። ዘንጉ አሁንም ደህና ነው። ክሩ የሚጠቀለልበትን መሣሪያ፣ ማለትም ሪሉን፣ ግን ጨው በልቶታል።

ወደ ሪችፊልድ የመጡት ለልጅ ልጃቸው ብለው ነው። ልጅቷ 12 ዓመቷ ነው። አማርኛ ትሰማለች፤ መናገር ግን ታፍራለች። ጋሼ ደግሞ የቀኝ እጃቸው አንጓ ያማቸዋል፤ ከባድ ነገር ለረጅም ጊዜ መያዝ አይችሉም። «በዚህ በጋ ካላስተማርኳት መቼ ላስተምራት ነው?» አሉኝ። ስለዚህ ለዘንጉ የሚስማማ ሪል መፈለግ የእኔ ሥራ ሆነ።

የፈለግነው ሪል በእንግሊዝኛ ስፒኒንግ ሪል ይባላል። ስፒኒንግ ማለት መፍተል ነው፤ እናቶቻችን በእንዝርት ጥጥ ሲፈትሉ የሚሠሩት ሥራ። ሪሉም ከፈትል ሥራ ጋር ይገናኛል። እ.ኤ.አ. በ1905 ይህን ዓይነት ሪል በስሙ ያስመዘገበው አልፍሬድ ኢሊንግዎርዝ የተባለ እንግሊዛዊ የጨርቃጨርቅ ባለፋብሪካ ነበር። ሐሳቡን ያገኘው ከፋብሪካው የክር ማጠንጠኛ ነው ይባላል። ማጠንጠኛው ቆሞ ክሩ በጫፉ በኩል እየተፈታ ይወጣል። የዓሣ ማጥመጃው ሪልም እንዲሁ ነው፤ መንጠቆውን ስንወረውር ማጠንጠኛው አይዞርም፤ ክሩ ብቻ በቀለበት በቀለበት እየሆነ ይወጣል።

ሪል ለመምረጥ መጀመሪያ የሚነበበው ሪሉ ሳይሆን ዘንጉ ነው። ከእጀታው ከፍ ብሎ ትንንሽ ጽሑፍ አለ። የጋሼ ዘንግ ላይ እንዲህ ይላል፦ ርዝመት 8 ጫማ፣ የክር ጥንካሬ ከ15 እስከ 25 ፓውንድ፣ የሚወረወረው ክብደት ከ1 እስከ 3 ኦንስ። በሜትርና በኪሎ ብናስበው ዘንጉ 2 ሜትር ተኩል ያህል ነው፤ ክሩ ከ7 እስከ 11 ኪሎ ይችላል፤ ጫፉ ላይ የሚታሰረው ነገር ደግሞ ከ28 እስከ 85 ግራም ይመዝናል። ቀለበቶቹንም አየን። ክሩ የሚያልፍበት የመጀመሪያው ቀለበት ሰፊ ነው፤ ወደ ጫፉ ሲሄዱ እየጠበቡ ይሄዳሉ። ይህ ዘንጉ ለስፒኒንግ ሪል የተሠራ መሆኑን ያሳያል። ከማጠንጠኛው እየተጠመጠመ የሚወጣው ክር መጀመሪያ ሰፊ በር ይፈልጋል፤ በሩ ከጠበበ ክሩ ይጋጫል፤ ውርወራውም ያጥራል።

ቀጥሎ የሪሉ መጠን ይመጣል። ሪሎች 1000፣ 2500፣ 4000፣ 6000 እየተባሉ ይጠራሉ። ቁጥሩ ግራምም ሜትርም አይደለም፤ ከአንዱ አምራች ወደ ሌላው ትንሽ ይለያያል። ቢሆንም ትንሹ ቁጥር ለትንንሽ ዓሣና ለቀጭን ክር፣ ትልቁ ለትልልቅ ዓሣና ለወፍራም ክር ነው። ከ15 እስከ 25 ፓውንድ ለሚል ዘንግ ከ4000 እስከ 6000 ያለው ይስማማል።

በማጠንጠኛው ላይ ደግሞ ሌላ ጽሑፍ አለ። «20/240» ቢል 20 ፓውንድ የሚችል ክር 240 ያርድ ይይዛል ማለት ነው፤ ይህም 220 ሜትር ያህል ነው። ይህ ልኬት ብዙ ጊዜ ለነጠላው የፕላስቲክ ክር ነው። እንደ ሹሩባ የተጎነጎነ ክርም አለ። የተጎነጎነው ለጥንካሬው በጣም ቀጭን ነው፤ ስለዚህ በአነስተኛ ሪል ላይ ጠንካራ ክር በብዛት መጠቅለል ይቻላል። አንድ ነገር ብቻ ይጠይቃል፦ ለስላሳ ስለሆነ ባዶ ማጠንጠኛ ላይ ይንሸራተታል። ስለዚህ መጀመሪያ ጥቂት ነጠላ ክር ይጠቀለላል፤ የተጎነጎነው በላዩ ይታሰራል። ሲሞላም እስከ አፉ አይደለም፤ 3 ሚሊ ሜትር ያህል ይተርፋል። ከመጠን በላይ የሞላ ማጠንጠኛ ክሩን በአንዴ ይተፋና ያወሳስበዋል።

ሁለት ሪል ተራ በተራ ዘንጉ ላይ አሰርን። አንዱ 6000፣ ክብደቱ ከግማሽ ኪሎ በላይ ነበር። ሌላው 4000፣ ክብደቱ ወደ 300 ግራም የሚጠጋ ነበር። ዘንጉን ከሪሉ እግር ትንሽ ቀደም ብሎ በአንድ ጣት ላይ ማስቀመጥ ነው፤ ሚዛኑን ከጠበቀ ለእጅ አይከብድም። ትልቁ ሪል የዘንጉን ጭራ ወደ ታች ጎተተው። ትንሹ ሲታሰር ዘንጉ ጣቴ ላይ ተጋድሞ ቀረ። ጋሼ ትልቁን ነበር የወደዱት፤ «ባሕር ላይ ዓሣው ክሩን ይዞ ሲሮጥ አይተህ አታውቅም» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። የባሕር ዓሣ ክሩን ይዞ ብዙ ርቀት ስለሚሄድ ሰፊ ማጠንጠኛ ያስፈልጋል። በእኛ ሐይቅና ወንዝ ግን ያን ያህል የሚሮጥ ዓሣ የለም። ቀኑን ሙሉ ግማሽ ኪሎ የሚሸከመው ደግሞ የታመመው እጅ ነው። 4000ውን ከተጎነጎነ ክር ጋር ወሰድን።

ከሁሉ በላይ ጋሼ ለልጅቷ ሊያስረዱ የደከሙት ፍሬኑን ነው። በእንግሊዝኛ ድራግ ይባላል። ዓሣው በኃይል ሲጎትት ማጠንጠኛው እየተንሸራተተ ክር ይለቃል፤ ክሩም አይበጠስም። ፍሬኑ ብዙ ጊዜ የሚስተካከለው በክሩ ጥንካሬ አንድ አራተኛ ነው። የእኛ ክር 20 ፓውንድ ስለሆነ አንድ አራተኛው 5 ፓውንድ፣ ማለትም 2.3 ኪሎ ገደማ ነው። ይህን ለመለካት ልዩ መሣሪያ አልገዛንም። ወደ አዲስ አበባ ስንሄድ 23 ኪሎ ሻንጣ የምንመዝንባት የእጅ ሚዛን እቤት አለች። የክሩን ጫፍ በሚዛኗ ላይ አሰርን፤ ልጅቷ ቀስ ብላ ሳበች፤ ጋሼ የፍሬኑን ቁልፍ እያዞሩ «ጥበቅ... ላላ... በቃ!» ይላሉ። ሚዛኗ 2.3 ላይ ስትደርስ ማጠንጠኛው ጢር አለ። ልጅቷ ሳቀችና «ላላ!» አለች፤ ሳትፈራ፣ ጮክ ብላ።

እጀታውም ጠቅሞናል። የስፒኒንግ ሪል እጀታ ተፈትቶ ከግራ ወደ ቀኝ ይዛወራል። ልጅቷ ግራኝ ናት፤ ጋሼ ቀኝ ናቸው። ተራቸው ሲደርስ እጀታውን ያዛውሩታል።

ስለ ጨውም ተነጋገርን። ለባሕር የሚሠሩ ሪሎች ውኃና ጨው እንዳይገባባቸው በደንብ ይታሸጋሉ፤ ዋጋቸውም በዚያው ልክ ይወደዳል። በሪችፊልድ ጨው ያለው በውኃ ውስጥ ሳይሆን በክረምት መንገድ ላይ ነው፤ በረዶውን ለማቅለጥ ይበተናል፤ መኪናችንን ያዝገዋል፤ ሲታጠብም ወደ ሐይቆቹ ይወርዳል። ሐይቆቹ ግን የባሕርን ያህል ጨዋማ ስላልሆኑ ውድ የሆነውን የታሸገ ሪል አልገዛንም። ጋሼ ግን ልማዳቸውን አልተዉም። ከማጥመድ ሲመለሱ ፍሬኑን ያጠብቃሉ፤ ሪሉን በቀስታ በንጹሕ ውኃ ያለቀልቃሉ፤ ካደረቁት በኋላ ፍሬኑን ያላሉታል።

የት እናጥምድ? በሪችፊልድ ሰሜን ምሥራቅ ታፍት ሐይቅ አለ፤ ለጀማሪ ልጆች ጥሩ ነው። ከአውራ ጎዳናው ማዶ ሚኒያፖሊስ ውስጥ ኖኮሚስ ሐይቅ አለ። ግን እንደ ብሉጊል ላለች ትንሽ ዓሣ የጋሼን ዘንግ ማውጣት ዝንብ ለመግደል ጎራዴ እንደመምዘዝ ነው፤ ስትነክስ እንኳ በእጅ አይሰማም። ለእንዲህ ያለው ዘንግ የሚገባው ቦታ ሚኒሶታ ወንዝ ከሚሲሲፒ ጋር የሚገናኝበት ፎርት ስኔሊንግ ነው። እዚያ ጢም ያለው ካትፊሽ አለ። ጋሼ የመጀመሪያውን ሲያዩ «አምባዛ!» አሉ፤ ጣና ላይ የሚያውቁትን ዘመድ ነበር የመሰላቸው። ደንቡንም ጠይቀናል፦ በሚኒሶታ ነዋሪ የሆነ ከ16 ዓመት በታች ያለ ልጅ የማጥመድ ፈቃድ አያስፈልገውም፤ ጋሼ ግን አውጥተዋል። ለየዓሣው ዓይነት የተፈቀደ ወቅት ስላለ እሱንም ከመሄድ በፊት ማየት ያስፈልጋል።

በሐምሌ ወደ ዱሉት ሄድን። በሪችፊልድ የሚያልፈው መንገድ ወደ ሰሜን ሲቀጥል መጨረሻው እዚያ፣ ሱፒሪየር ሐይቅ ዳር ነው። ሱፒሪየር 82,000 ስኩዌር ኪሎ ሜትር ስፋት አለው፤ ጣና 3,000 ያህል ነው። ማዶው አይታይም፤ ማዕበል አለው። ያ ረጅም ዘንግ እዚያ አሸዋ ላይ ሲወረወር ነው ማማሩ። ዓሣ አላገኘንም። ልጅቷ ጣቷን ውኃው ውስጥ ነክራ ቀመሰችና በአማርኛ ጠየቀች፦ «አባባ፣ ይሄ ባሕር ነው ሐይቅ?»

ጋሼ ክሩን እየጠቀለሉ መለሱላት። «የእኔ ከተማ ባሕር ዳር ነው የሚባለው። ጣናም ጨው የለውም። በይ አሁን እጀታውን ወደ አንቺ በኩል አዙሪው፤ ተራሽ ነው።»