የተመለሰችው አውሮፕላን

በሐምሌ አዲስ አበባ ዶፍ ሲወርድባት፣ ጅቡቲ በካምሲን ትቃጠላለች። ከምዕራብ ከበረሃው የሚነሣው ይህ ደረቅ ነፋስ አቧራውን ከምድር አንሥቶ ሰማዩን የሸክላ ቀለም ያለብሰዋል። የካርቲየ 1 የቆርቆሮና የሳንቃ ቤቶች ቀን የዋጡትን ሙቀት ሌሊት ይተፉታል፤ ስለዚህም ጠፍጣፋ ጣራ ያለው ሰው ፍራሹን ይዞ ወደ ሰገነት ይወጣል። እኔም በሰገነቱ ላይ ተጋድሜ፣ ወደ አምቡሊ የሚወርዱትን አውሮፕላኖች መብራት እየተመለከትሁ ብዙ ዓመታት አሳልፌአለሁ። ከእነዚያ ሌሊቶች ሁሉ አንዷ ከአእምሮዬ አትጠፋም።

ዘመኑ 2001 ዓ.ም. ነበር። እናቴ የአልጋ ቁራኛ ከሆነች ሦስተኛ ሳምንቷን ይዛለች። ታናሽ እኅቴ ከአዲስ አበባ በዚያች ምሽት አውሮፕላን ትመጣለች ተብሎ፣ የጎረቤት ልጅ ሊቀበላት ሄዷል። እናቴ ዓይኗን በገለጠች ቁጥር «ደረሰች?» ትላለች። እኔም በእርሷ አልጋና በሰገነቱ መካከል ስመላለስ፣ በአቧራው ውስጥ የደበዘዘ መብራት አየሁ፤ የሞተሩም ድምፅ ዝቅ እያለ መጣ። ሮጬ ወርጄ «ደረሰች እማዬ» አልኋት። እርሷም ፈገግ ብላ «እንግዲያው ቡና አፍሉላት» አለች።

ቃሏን ሳትጨርስ ድምፁ ተለወጠ። ሞተሩ አጉረመረመ፣ ወደ ላይ ከፍ አለ፣ ከዚያም ወደ ምዕራብ እየራቀ ጠፋ። አብራሪው ማኮብኮቢያው አልታይ ስላለው ወደ መጣበት ተመልሷል። እኔ ግን ያልሁትን ለመመለስ አንደበት አጣሁ። ቡናው ተፈላ። እናቴ ሊነጋጋ ሲል ዐረፈች፤ እኅቴም በማግሥቱ ቀትር ደረሰች። ከዚያ በኋላ ያንን ስሙን እንኳ የማላውቀውን አብራሪ ስንት ጊዜ «ፈሪ» እያልሁ እንደረገምሁት እግዚአብሔር ይወቀው።

ከሁለት ዓመት ተኩል በኋላ፣ የካቲት 10 ቀን 2004 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 18 ቀን 2012)፣ ዩ-28ኤ የምትባል የአሜሪካ አየር ኃይል አነስተኛ አውሮፕላን ከቅኝት ተልእኮ ወደ አምቡሊ ስትመለስ፣ ከማረፊያው 10 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ወደቀች። የስዊስ ሥሪት የሆነችው የፒላተስ ፒሲ-12 ወታደራዊ ዓይነት ስትሆን፣ ባለ አንድ ሞተር ናት። በውስጧ የነበሩት አራት የበረራ ባልደረቦች በሙሉ ሞቱ። ዜናው በከተማው በተሰማ ጊዜ ብዙዎቻችን የጠላት እጅ ነው ብለን ገምተን ነበር። የምርመራ ቦርዱ ግን ያገኘው ሌላ ነበር፤ አብራሪዎቹ ሳይታወቃቸው ላይና ታቹ ተምታቶባቸዋል፣ አውሮፕላኗም የማስጠንቀቂያ ድምፅ አሰምታ ተገቢውን ምላሽ አላገኘችም። አዲስ ጨረቃ ልትወለድ ሦስት ቀን ሲቀራት ነበርና ምሽቱ ጨለማ ነበር።

ይህንን ካነበብሁ በኋላ ነገሩን መከታተል ጀመርሁ። የሰው ልጅ ሚዛኑን የሚጠብቀው በዓይኑና በውስጠኛው ጆሮው ነው። በጆሮው ውስጥ ያለው ፈሳሽ ሲንቀሳቀስ መዞራችንን ያስታውቀናል፤ ዙሩ እጅግ ዝግ ያለ ከሆነ ወይም ከረዘመ ግን ፈሳሹ ይረጋና ሰውየው ቀጥ ብሎ የሚጓዝ ይመስለዋል። ዓይን አድማሱን ካየ ስሕተቱን ያርመዋል። ጨለማው፣ ጭጋጉ ወይም አቧራው አድማሱን ከሸፈነው ግን፣ ከፊት ከተደረደሩት መሣሪያዎች በቀር የሚታመን ምስክር አይኖርም። እ.ኤ.አ. በ1954 የኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ ያለ ውጭ እይታ መብረር ያልሠለጠኑ ሃያ ሰዎችን ፈትኖ ነበር፤ ሁሉም አውሮፕላኑን መቆጣጠር ተሳናቸው፣ ይህም በአማካይ 178 ሰከንድ ብቻ ፈጀ። የፕሬዚዳንት ኬኔዲ ልጅም እ.ኤ.አ. ጁላይ 16 ቀን 1999 አነስተኛ አውሮፕላኑን ራሱ እያበረረ፣ በጉም በደበዘዘ ሌሊት ወደ አንዲት ደሴት ሲቃረብ ከሚስቱና ከእኅቷ ጋር ባሕር ውስጥ የገባው በዚሁ ምክንያት መሆኑን መርማሪዎች ገልጸዋል።

በቀንም ቢሆን ያልታየ ተራራ ይገድላል። ነሐሴ 1 ቀን 1981 ዓ.ም. የአሜሪካ ምክር ቤት አባል ሚኪ ሌላንድን ጨምሮ 16 ሰዎችን ይዛ ከአዲስ አበባ ወደ ፉኝዶ የስደተኞች ካምፕ የተነሣችው ትዊን ኦተር፣ በመጥፎ አየር ከተራራ ጋር ተጋጭታ ሁሉም አልቀዋል።

የአምቡሊ ማኮብኮቢያ አንዱ ጫፍ ወደ ባሕር፣ ሌላው ወደ በረሃ ያመለክታል። ሌሊት ሁለቱም ጥቁር ናቸው። በመሣሪያ እየተመራ የሚወርድ አብራሪ አስቀድሞ የተወሰነለት ከፍታ ላይ ሲደርስ የማረፊያውን መብራት ካላየ፣ ሕጉ «ውጣ» ይለዋል። «ትንሽ ዝቅ ልበልና ልሞክር» ማለት አይፈቀድለትም። አባቶቻችን «የቸኮለ አፍሶ ለቀመ» ይላሉ፤ እዚህ ላይ ግን የፈሰሰው አይለቀምም።

በቅርቡ ይህንን ሁሉ ለእኅቴ አጫወትኋት። ዝም ብላ ሰማችኝና «እኔ ያን ጊዜ በመስኮት የማየው ቀይ አቧራ ብቻ ነበር፤ ሰውየው መሬቱን እንዳላየው ዐውቄአለሁ፤ ግን አለቀስሁበት» አለችኝ። ቀጥላም «እማዬ መጣሁ ብላ ነው የሄደችው?» ብላ ጠየቀችኝ። «አዎን፣ ቡናሽንም አስፈልታልሻለች» አልኋት።

ዛሬም ካምሲን በነፈሰ ሌሊት በሰገነቱ ላይ እጋደማለሁ። ዝቅ ይል የነበረ ሞተር ድንገት አጉረምርሞ ሲወጣ ስሰማ፣ ከታች በአምቡሊ በር ቆሞ የሚጠብቀው ሰው ያሳዝነኛል፤ ላይ ላለው አብራሪ ግን «እሰየው፣ ተመለስ» እላለሁ።