ጠርቶ ማባረር

ቡናው እስኪፈላ ስለ ማሻ ጌሰን ላጫውታችሁ። ሞስኮ ተወልደው አሜሪካ የሚኖሩ ጋዜጠኛና ደራሲ ናቸው፤ ስለ ፑቲኗ ሩሲያ በጻፉት መጽሐፍ በ2017 የአሜሪካን ብሔራዊ የመጽሐፍ ሽልማት ወስደዋል። (ዓመቱን በአውሮፓውያኑ ነው የምቆጥረው፤ ጉዳዩ የእነርሱ ነውና።) እኚህን ሰው ያነሳሁት፣ ተጋባዥ ተናጋሪ ሲሰረዝ መጀመሪያ ለሌሎች ሲሉ የተከራከሩ፣ ኋላ ደግሞ ዱላው ራሳቸው ላይ ያረፈባቸው ስለሆኑ ነው። ያውም በአንድ ዓመት ውስጥ፣ በ2023።

የመጀመሪያው ግንቦት ላይ ኒው ዮርክ ነው። ፔን አሜሪካ የሚባለው፣ ከ1922 ጀምሮ ያለ የጸሐፍት ማኅበር ዓመታዊ ፌስቲቫል አለው። ጌሰን የቦርዱ ምክትል ፕሬዚዳንት ነበሩ። በዚያ ዓመት፣ ከዩክሬኑ ወረራ በኋላ አገራቸውን ጥለው ከወጡ ሩሲያውያን ጋር የሚወያዩበት መድረክ ተይዞላቸዋል። በሌላ መድረክ ደግሞ ሁለት ዩክሬናውያን ደራስያን ተጋብዘዋል፤ ሁለቱም በጊዜው በአገራቸው ጦር የሚያገለግሉ ወታደሮች። እነርሱም ሩሲያውያን ባሉበት ፌስቲቫል መካፈል አንችልም አሉ።

ፍረዱ እስቲ! ከተማው በሚሳይል እየተደበደበ፣ ጓዶቹን እየቀበረ ያለ ሰው ስሜ ከእነዚያ ጋር አይጻፍ ቢል ማን ደፍሮ ይወቅሰዋል? እኔ አልወቅስም። መቅረት መብቱ ነው። ፈተናው ያለው አዘጋጁ ዘንድ ነው፤ አምባገነን መጥቶ ሰርዝ ቢለው እምቢ ማለት ይቀለው ነበር፤ የሚጠይቀው የሚያሳዝን ሰው ሲሆን ግን ጉልበት ይከዳል።

ማኅበሩ የሩሲያውያኑ ውይይት በፌስቲቫሉ ሳይሆን በሌላ ስም ይካሄድ አለ። ጌሰን አልተስማሙም። እንግዶቼን ሩሲያውያን ናችሁና ከትልቁ ገበታ ተነስታችሁ ጥግ ባለችው ጠረጴዛ ተቀመጡ እንድላቸው ነው የተጠየቅኩት አሉ። የዩክሬናውያኑ መድረክ ቀጠለ፣ የእርሳቸው ተሰረዘ፣ እርሳቸውም ሥልጣናቸውን ለቀቁ። ለፑቲን ጥብቅና መቆማቸው እንዳይመስላችሁ፤ በ2024 የሞስኮ ፍርድ ቤት በሌሉበት የ8 ዓመት እስር የፈረደባቸው ሰው ናቸው።

ታዲያ አዘጋጅ የፈለገውን መጥራት አይችልም ወይ ትሉኝ ይሆናል። ይችላል እንጂ። ያልተጠራ ሰው ምንም አልሆነም። ጠርቶ፣ ስሙን ለጥፎ፣ ኋላ መፋቅ ግን ሰውየው ሳይሰማ በአደባባይ መፍረድ ነው። ደግሞ ሰረዝን ማለት ስለሚያሳፍር አራዘምን ይባላል። በዚያው ዓመት ጥቅምት ላይ፣ የሐማስ ጥቃት በተፈጸመ ሰሞን፣ ፍራንክፈርት የመጻሕፍት ትርኢት ላይ ለፍልስጤማዊቷ ደራሲ ለአዳኒያ ሺብሊ ሊደረግ የነበረው የሽልማት ሥነ ሥርዓት እንዲሁ «ተራዘመ»። ከ1000 በላይ ደራስያንና የመጻሕፍት ሰዎች ተቃውሞ ፈረሙ።

ታኅሣሥ ላይ ተራው የጌሰን ሆነ። ጀርመን፣ ብሬመን ላይ በፈላስፋዋ በሐና አረንት ስም የተሰየመውን ሽልማት ሊቀበሉ ነበር፤ 10,000 ዩሮ። ከሥነ ሥርዓቱ ጥቂት ቀናት ቀደም ብሎ ዘ ኒው ዮርከር መጽሔት ላይ ባወጡት ጽሑፍ ጋዛን ናዚዎች አይሁዳውያንን አጉረው ካኖሩባቸው የምሥራቅ አውሮፓ ጌቶዎች ጋር አነጻጸሩ። ጌሰን ራሳቸው አይሁዳዊ ናቸው፤ በሆሎኮስት ዘመዶቻቸው አልቀዋል። ቢሆንም ጀርመን ውስጥ እንዲህ ያለ ንጽጽር እሳት ነው፤ የተቆጣውን ሰው ሁሉ ክፉ ነው አልልም። ከሽልማቱ አጋሮች አንዱ የሆነው የሃይንሪሽ ቦል ፋውንዴሽን ከሥነ ሥርዓቱ ወጣ፤ የከተማው አስተዳደርም አዳራሹን ከለከለ። ሽልማቱ አልተነጠቀም፤ ትንሽ ቦታ ላይ፣ ጥቂት ሰው በተገኘበት፣ በፖሊስ ጥበቃ ተሰጠ።

አረንት እኮ ራሳቸው በ1948 ከአይንስታይን ጋር በፈረሙት፣ ኒው ዮርክ ታይምስ ባተመው ደብዳቤ የእስራኤላዊውን ፖለቲከኛ የመናኽም ቤጊንን ፓርቲ ከናዚና ከፋሽስት ፓርቲዎች ጋር አመሳስለዋል! በብሬመኑ ሚዛን ቢመዘኑ በስማቸው የተሰየመው ሽልማት ለእርሳቸውም ባልተሰጣቸው።

እኔን የገረመኝ ግን ፋውንዴሽኑ ነው። ሽልማቱ ከተሰጠ በኋላ በቀናት ውስጥ በርሊን ላይ ጌሰንን ጋብዞ በሕዝብ ፊት አወያያቸው። ይኼንኑ መጀመሪያውኑ ብሬመን ላይ፣ በዚያው አዳራሽ፣ በዚያው ጥያቄ ማድረግ ምን ይከለክላቸው ነበር?